የሰው ቤት፣ የራስ ቀለም

አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ ቤት ፍለጋ የዞረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የከተማው ኪራይ ቤት ሁሉ ከአንድ ባልዲ የተቀባ ነው የሚመስለው። ጀሞ ሂዱ፣ ጎሮ ሂዱ፣ አያት ውጡ፤ ደላላው ቁልፉን አንኳኩቶ በሩን ሲከፍትላችሁ «ቤት ለእንግዳ» የምትላችሁ ያቺው ክሬም ናት። ክሬም ስላችሁ የኬኩን እንዳይመስላችሁ። ነጭ ለመሆን ወኔ ያጣውን፣ ቢጫ ለመሆን ደግሞ ያፈረውን ቀለም ማለቴ ነው።

ከአከራዮች አንዱን ጠይቁ፣ መልሱ ዝግጁ ነው። «ክሬም ሁሉን ይስማማል።» እውነት ነው። የአራት ልጆች አባት ቢገባበት፣ ወንደላጤ ቢገባበት፣ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት ብትገባበት፣ ለሁሉም እኩል ፊት ያሳያል። ቆሻሻም ቶሎ አያሳይም፤ ተከራይ ሲቀየር ደግሞ አንድ እጅ ደርበውበት ያልፋሉ። በአከራይ ዓይን ካየነው ከዚህ የተሻለ ቀለም የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በየወሩ ከደመወዛችን ግማሹን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ እየቆረጥን የምንኖርበትን ቤት ለምን በሚቀጥለው ተከራይ ዓይን እያየን እንኖራለን?

እኔ እንግዲህ የሳሎኔን አንድ ግድግዳ እርድ ቀብቼዋለሁ። (እርድ ስል የበሬውን ሳይሆን የአልጫውን ነው፤ ሰው ይደነግጣል ብዬ ነው።) ይሄን ለጓደኞቼ ስነግራቸው የሰማሁት መልስ ከአንድ አፍ የወጣ ነበር የሚመስለው። «ገንዘብሽን በሰው ግድግዳ ላይ?!» አንዷማ «ባል ያገባሽ መስሎኝ ደንግጬ፣ ግድግዳ ነው እንዴ የቀባሽው?» አለችኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ምክር ነው የሚሉት ነገር ነው። «ተይው እባክሽ፣ የራስሽ ቤት ሲኖርሽ እንደፈለግሽ ትቀቢያለሽ።»

የራስሽ ቤት ሲኖርሽ!

እስቲ ይቺን ዓረፍተ ነገር እንያት። የራሴ ቤት ሲኖረኝ መጽሐፎቼን ከካርቶን አወጣለሁ። የራሴ ቤት ሲኖረኝ ድመት አሳድጋለሁ። የራሴ ቤት ሲኖረኝ የአባቴን ፎቶ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ (አሁን ግን ምስማር መምታት በውሉ ክልክል ነው)። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ስንት ዓመት እንደቆጠበ፣ ወይ ጭራሽ የመመዝገቢያው ጊዜ እንዴት እንዳለፈው ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የኮንዶሚኒየሙ ነገር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር እኛ ገና ደብተር ተሸካሚዎች ነበርን። ዛሬ እዚያው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች ቤት ተከራይተን። «የራሴ ቤት ሲኖረኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ አርባ ሲደፍን፣ ያ ሁሉ ዕድሜ የኖረው በክሬም ውስጥ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አከራዬ ልውሰዳችሁ። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፣ እንዳትጠሏቸው። ቤቱ የደረሳቸው ብዙ ጠብቀው ነው፣ በወር የሚያገኙትም ገቢ ከእሱ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን የሚያዩት እንደ ግድግዳ ብቻ አይደለም። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ የሳሎኑን አንዱን ግድግዳ ቀለም ልቀባው ፈልጌ ነበር።»

«ምነው ልጄ፣ ቆሸሸ እንዴ?»

«ኧረ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ንጹሕ ከሆነ ምን ያስቀባሻል?»

ይሄ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ መልስ አልነበረኝም። ንጹሕ ግድግዳ የሚቀባው ለምንድነው? ቢጫ እንደምፈልግ፣ ቢጫውም ፈዛዛ ሳይሆን እርድ የመሰለ እንደሆነ ነገርኳቸው። በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ «ምነው የድሮ አንበሳ አውቶቡስ ልታስመስይው ነው?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን ስሰማ ግማሹ መንገድ እንዳለቀ ገባኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ግን በጽሑፍ። በውሉ ጀርባ ላይ በእጅ ጽፈን ፈረምንበት፦ ከመግቢያው በር ትይዩ ያለውን አንድ ግድግዳ ተከራይ በራሷ ወጪ ትቀባለች፣ ስትለቅ በራሷ ወጪ ወደነበረበት ትመልሳለች። ሁለት መስመር። ይሄን ያህል ነው እንግዲህ በከተማችን ላይ ያለኝ የግድግዳ መብት፣ ቀልድ አይደለም፣ ፊርማ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ለእትዬ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ያደግሁት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ ጉለሌ። የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ ለማያውቁ የዘመኑ ልጆች (አላችሁ አውቃለሁ)፦ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በወር ከ100 ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ስለዚህ እናቴም ተከራይ ነበረች፣ ልክ እንደ እኔ። የቤቱ አንድ ምሰሶ እንኳን የእሷ አልነበረም። ግን ግድግዳዋን ብታዩት! ከወገብ በታች ደማቅ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ እንዲታጠብ ተብሎ። ከወገብ በላይ ኖራ፣ ኖራው ውስጥ ሰማያዊ ዱቄት ጠብ ተደርጎበት። ጓዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር፣ በዱቄት ሙጫ። ማንበብ የተማርኩት ከፊሉን እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር እስከ ዛሬ ጋዜጣ ገልብጬ ማንበብ እችላለሁ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ኖራው ይታደሳል። ጠረጴዛው፣ ቁምሳጥኑ፣ አልጋው ግቢ ይወጣል፣ እኛ ልጆቹ በራሳችን ላይ የላስቲክ ከረጢት አጥልቀን እንቀባለን፤ ከግድግዳው እኛ ላይ የሚያርፈው ይበልጥ ነበር።

እናቴ ማንንም አላስፈቀደችም። ቀበሌው ኪራዩን ይቀበላል እንጂ ጣራው ቢያፈስ እንኳን የሚመጣለት የለም። ያም ሆኖ ነገ ጠዋት መጥቶ «ልቀቂ» የሚላት እንደሌለ ታውቅ ነበር፣ ወይም እንደዚያ ታምን ነበር። ኪራይ ያልነው ነገር አንድ አይደለም ለካ። ሰው ግድግዳውን የሚቀባው ካርታ ስላለው አይደለም። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ እዚሁ እንደሚሆን ሲያስብ ነው የሚቀባው። ለእኛ ትውልድ የጎደለውም ይሄ ይመስለኛል፤ ካርታውስ ለእናቶቻችንም አልነበራቸውም።

ሐረር የሄደ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ጀጎል ግንብ ውስጥ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ስትሄዱ ግድግዳው አረንጓዴ ነው፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። በዓል ሲደርስ ሴቶቹ ያድሱታል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦችና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀላሉ። ቀዩ በ1879 ጨለንቆ ላይ የወደቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። የቀዩ ነገር እንዲያ ከሆነ፣ ሐዘንን በወለል ላይ ቀብቶ በላዩ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ቤተሰብ ፊት ቆሞ «ክሬም ይሻላል፣ ሁሉን ይስማማል» የሚል ደላላ አስቡልኝ እስቲ።

የእኛ ቤት በልማት ፈረሰ። ስለ መፍረሱ ብዙ አልልም፤ ቦታ ተሰጠን፣ ሩቅ ነው፣ እናቴ አሁን ከወንድሜ ጋር ትኖራለች፣ ደህና ናት። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባፈረሱት ማግስት ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። ጣራው የለም፣ የፊቱ ግድግዳ የለም፤ የጀርባው ግድግዳ ግን ቆሟል። እና አረንጓዴው… ፀሐይ ላይ! ዕድሜዬን ሙሉ በጨለማ ውስጥ ያየሁት ቀለም በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው። አልጋችን የነበረበት ቦታ ላይ አልጋው ያሸሸው አራት ማዕዘን ምልክት አለ። ያን ያህል ደማቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። የተጠጋኝ አንድ ልጅ «የማን ቤት ነው?» አለኝ። የቀበሌ ነው አልኩት።

እናቴ በዚያ ቤት እንደምትቆይ እርግጠኛ ነበረች፤ እርግጠኝነቱ ልክ አልሆነም። ቀለሙ ግን ሥራውን ሠርቷል፤ እኔና ሦስት ወንድሞቼን አሳድጓል። እና ዛሬ አንድ ሰው «ከተባረርሽ ቀለምሽ ምን ይሆናል?» ሲለኝ ያ ግድግዳ ነው የሚመጣብኝ።

በሉ አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ምክንያቱም ይሄን አንብባችሁ ነገ ጠዋት ቀለም ቤት የምትሮጡ አትጠፉም።

አንደኛ ነገር፣ ቀለም ቤት የሚሰጧችሁን ቁራጭ ካርድ አትመኑ። አውራ ጣት በሚያህል ወረቀት ላይ ያያችሁት ቢጫ ግድግዳ ሲያህል በእጥፍ ይጮሃል። እኔ ትንሿን ቆርቆሮ ገዝቼ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ቀባሁና ሦስት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ እያዘዋወርኩ አስደገፍኩት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ በምሥራቁ መስኮት ፀሐይ ስትገባ፣ የመስቀል አበባ ነው። ከሰዓት በኋላ እውነተኛ እርድ ይሆናል። ማታ አምፖሉን ሳበራው ግን ሰናፍጭ ሆኖ አረፈው፣ ያውም አረንጓዴ ቢጤ። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ቤታችን ሁሉ የሞላው ያ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው የሚሰጠው፤ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ታገኛላችሁ። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ስገዛ እርዱ ወደ እርድነቱ ተመለሰ፣ እኔም ወደ ሰውነቴ። ባጭሩ ምንም ሳትቀቡ አምፖል ብቻ ብትቀይሩ እንኳን ያቺ ክሬም ራሷ ትንሽ ሰው ሰው ትሸታለች።

ሁለተኛ፣ የግድግዳውን ስፋት ለኩ። የእኔው 3.60 ሜትር በ2.60 ነው፣ ወደ 9 ካሬ ተኩል ግድም። ደህና የፕላስቲክ ቀለም በሊትር 10 ካሬ ያህል አንድ እጅ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ይበቃኛል ብላችሁ እንዳትነሱ፤ ደማቅ ቢጫ ከሥሩ ያለውን የማሳየት ጠባይ አለው። የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ ግድግዳው የታመመ ነበር የሚመስለው፣ እዚህ ጋ ቢጫ፣ እዚያ ጋ ክሬም። ቀለም ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ሦስት እጅ ወሰደ። ከአንድ ጋሎን ትንሽ ተረፈኝ።

ከመቀባታችሁ በፊት ግድግዳው በሳሙና ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። የድሮ ተከራይ የምስማር ቀዳዳዎች በስቱኮ ይደፈኑ (የእኔው ላይ 11 ነበሩ፤ ምስማር ክልክል ነው ያለን ማን ነበር?)፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ አቧራው ይጠረግ። ጠርዞቹን በፔኔሎ፣ መሐሉን በሮለር። ጎረቤቴ፣ አንድ ጡረታ የወጡ አባት፣ በሩ ክፍት ስለነበር ገብተው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ሮለሩን ከታች ወደ ላይ ጀምሪው፣ እንዳይንጠባጠብ» አሉኝ። ቀጥለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሦስቱንም እጅ አብረውኝ ነበሩ ማለት እችላለሁ፤ እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ እቀባለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ «እንደምን አደሩ» ከመባባል ያላለፍን ሰዎች ነበርን።

ለምን አንድ ግድግዳ ብቻ? አራቱንም ብትቀቡ ቢጫው በቢጫው ላይ እያበራ እየተጋገዘ ይሄዳል፣ ሰዉም ቢጫ ይሆናል፤ እንግዳ ሁሉ ወፍ በሽታ የያዘው ይመስላችኋል። ሌላው ደግሞ የመመለሻው ሒሳብ ነው። አንድ ግድግዳ ወደ ክሬም መመለስ የቅዳሜ ሥራ ነው፤ አራት ግድግዳ ግን የኪስ ቁስል። እኔ ቀለሙን በገዛሁ ቀን የመመለሻውንም ገንዘብ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ሁለቱ ተደምረው የወር ኪራዬን አንድ አምስተኛ ያህል ናቸው፤ 5,000 ብር ግድም።

አሁን ቁጭ ብለን እናስላው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ። (በየሰፈሩ ምን እየተሠራ እንዳለ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።) 2 ዓመት 730 ቀን ነው። 5,000ውን ለ730 አካፍሉት፤ በቀን 7 ብር አይሞላም። በ7 ብር ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የመስቀል አበባ ነው የማየው።

አንዳንድ አከራይ ደግሞ አለ፣ ስለ ቀለም ሲነሳ ስልኩን የሚዘጋ። የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ሰው ነው የገጠማት። ምን አደረገች? 1.22 በ2.44 የሆነ ኮምፔርሳቶ ገዛች፣ ድፍን ቀይ ቀባችው፣ ከአልጋዋ ራስጌ አስደገፈችው። በቃ! ግድግዳው አልተነካም፣ ምስማርም የለም። ባለፈው ቤት ስትቀይር አይሱዙው ላይ ከፍራሹና ከምድጃው ጋር ያ ቀይ ነገር ቆሞ ሲሄድ አየሁት፤ ግድግዳዋን ይዛ የምትለቅ ተከራይ እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ሌላ ልጅ ደግሞ አቡጀዲ ገዝቶ ራሱ በትልቅ ድስት ቀለም ነክሮ በዱላ ላይ ሰቅሎታል። ሽሮ ሜዳም አለላችሁ፣ በጥለት የተሞላ። በአለላ የተሰፋ ሰፌድማ ከእናታችሁ ቤት አይጠፋም፤ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ብትደረድሩት ሐረር ይመስላል። እኔ የማልመክረው ያንን ከጀርባው ሙጫ ያለውን የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ሲለጠፍ ያምራል፤ ሲነሳ ክሬሟን ይዟት ይወርዳል፣ ከአከራይ ጋርም ያን ጊዜ ነው የምትጣሉት።

ጀርመን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ፣ ስለ ግድግዳዬ ስነግራት «እዚህማ ፍርድ ቤት ደርሷል» አለችኝ። አልቀለደችም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጥቶበታል፦ በነጭ የተረከበውን ቤት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀብቶ እንዲያው ያስረከበ ተከራይ የአከራዩን ጉዳት ይክሳል። እስከዚህ ስሰማ ተናድጄ ነበር። ነገሩ ግን ሌላም ጎን አለው። እዚያ አገር ተከራይ እየኖረበት ሳለ በየትኛው ቀለም እንደሚኖር የራሱ ጉዳይ ነው፤ አከራይ በውል «እየኖርክም ነጭ ብቻ» ሊለው አይችልም። ስትኖር ያንተ፣ ስታስረክብ የእሱ። እትዬና እኔ በውሉ ጀርባ የጻፍናት ሁለት መስመር ሳናውቀው ይቺው ናት። እኛጋ ግን የተገኘችው በእትዬ ሳቅ ነው። ሳቅ የማያውቅ አከራይ የገጠመው ምን ያድርግ?

ከቤት ውጭ ያለውን ነገር ካነሳን ከተማዋ ራሷ ወደ ግራጫ እያደላች ነው። ከ2016 ወዲህ ኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው ዋና ዋና መንገዶች ዳር ብዙ ሕንፃ ግራጫ ለብሷል። ንጹሕ ነው፣ አንድ ወጥ ነው፣ የሚወደውም ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን ቲራና ትዝ ትለኛለች፣ የአልባኒያ ዋና ከተማ፤ በፎቶ ብቻ ነው የማውቃት። ኤዲ ራማ የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ከንቲባ ሆነና እነዚያን የኮሙኒስት ዘመን አመድማ ፎቆች ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ አስቀባቸው። ሰዉ በየካፌው ሲከራከርበት ነበር አሉ፤ ግማሹ አበደ አለ፣ ግማሹ ተመስገን አለ። ስለ ቀለም የሚከራከር ከተማ እኔን ያስቀናኛል።

ግድግዳው ከተቀባ አሁን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ምን ተለወጠ ብትሉኝ ትንንሽ ነገር ነው። ካርቶን ውስጥ የነበሩት መጽሐፎች ወጡ፤ እርዱ ፊት ለፊት ካርቶን አስጠላኝ። እንግዳ መጥራት ጀመርኩ። ጡረተኛው ጎረቤቴ እሑድ እሑድ ቡና ሲሸታቸው ብቅ ይላሉ፣ ሲቀመጡም ሁልጊዜ ቀለሙን ፊት ለፊት እያዩ ነው፤ «ሦስተኛው እጅ ነው ያወጣው» ይላሉ፣ እንደ ሥራ ተቋራጭ። እናቴ መጥታ አየችው። ቆማ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችውና በእጇ ዳበስ አደረገችው። «ያምራል» አለች። ቀጥላ «ከወገብ በታች የዘይት ቀለም ብታደርጊው ግን ይታጠብልሽ ነበር» አለችኝ።

እትዬም ባለፈው ወር ኪራይ ሊነጋገሩ መጡ። ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፣ ወንበር አቀረብኩ። ስለ ግድግዳው ምንም አላሉም፤ አንድ ሁለቴ ብቻ ቀና ብለው አዩት። ልጃቸው ሊያገባ እንደሆነ፣ ቤቱን ለእሱ ሊሰጡት እንደሚያስቡ፣ ገና እንዳልወሰኑ ነገሩኝ። «ብቻ ውልሽ እስኪያልቅ ማንም አይነካሽም» አሉ። ሊወጡ ሲነሡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ይሄ ቀለም ስንት ፈጀ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ጋሎን አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወረዱ። ለልጃቸው ይሁን ለመመለሻው እያሰሉ እንደሆነ አልገባኝም፤ ልጠይቅም አልደፈርኩም።

ውሌ ሊያልቅ 7 ወር ይቀረዋል። መኝታ ቤቱ እስካሁን ክሬም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቀለም ቤት ጎራ ብዬ ስለ አረንጓዴ ጠይቄ ነበር፣ ከወገብ በታች ለሚሆን። ልጁ ትንሿን ቆርቆሮ ቀላቅሎ ሰጠኝ፤ ካርቶኑ አሁን አልጋው ጎን ተደግፎ ቆሟል፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። 7 ወር 210 ቀን ነው። እያሰላሁ ነው።